ምርምራችን ድፍድፍ ላይ እንዳይቀር፦ ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለስኳር፣ ለአልዛይመርና ለፓርኪንሰን ሕመም አዲስ የመድኃኒት ውህድ የመፈለግ ምርምር እንዳይቋረጥ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት፣

የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ከሐምሌ 1 ጀምሮ የምርምር ዘርፋችን በጀት እንደማይኖረው የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው ሦስት ምክንያቶችን ይጠቅሳል። ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እስካሁን ለገበያ የበቃ ምርት አላስገኘም። ትልልቅ የዓለም ኩባንያዎች እንኳ ያልተሳካላቸው ጉዳይ ነው። ገንዘቡም በሁለት ዓመት ውስጥ ውጤት ለሚያሳዩ ፕሮጀክቶች እንደሚዞር ይናገራል።

በትምህርት ክፍሎቻችን በኩል ቅሬታ አቅርበን ነበር። የጽሑፍ መልስ አላገኘንም። በግልጽ መጻፍ የመረጥነው ለዚህ ነው። ውሳኔው ከእኛ አልፎ የስኳር ታማሚውንም፣ እናቱን ወይም አባቱን በመርሳት ሕመም የሚያስታምመውንም ሰው ይነካል። እነሱም እንዲያነቡት እንፈልጋለን።

ሥራችንን ባጭሩ እናስረዳ። ሰው በባህል መድኃኒትነት የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት እንሰበስባለን። በውስጣቸው ካሉት ንጥረ ነገሮች የሚሠራውን ለይተን ለማውጣት እንሞክራለን። ከዚያ ኬሚካላዊ መዋቅሩን እናጠናለን። መዋቅሩን እዚህም እዚያም እየቀየርን የበለጠ የሚሠራ፣ ጉዳቱ ያነሰ አዲስ ውህድ ለማግኘት እንጥራለን። የስኳር ሕመምንና የአንጎል ሴሎችን የሚያመነምኑ ሕመሞችን በአንድ ዘርፍ ያደረግነው በምክንያት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ሲያረጅ ለመርሳት ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። አንጎል ስኳርን ለጉልበት የሚጠቀምበት መንገድ ሲዛባ የነርቭ ሴሎችም ይጎዳሉ። አንዱን ሕመም ለማከም የተሠራ ውህድ ለሌላው ፍንጭ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

ማንም ሰው የፋርማሲ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የማስተርስ ቴሲሶችን ቢያገላብጥ የርዕሶቹ መመሳሰል ይገርመዋል። የእገሌ ተክል ቅጠል በ80 ፐርሰንት ሜታኖል የወጣ ጭማቂ፣ ስኳር በያዛቸው አይጦች ላይ ያለው ውጤት። የሚቀያየረው የተክሉ ስም ነው። ሽፈራው አለ፣ አርማጉሳ አለ፣ ጦስኝ አለ። ተማሪው ቅጠሉን ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዝፋል፣ ያጠላል። ስትሬፕቶዞቶሲን በተባለ ኬሚካል የአይጦቹን የቆሽት ሴሎች ይጎዳና ጭማቂውን ያጠጣቸዋል። ከጅራታቸው ጫፍ ደም እየወሰደ ስኳሩን ይለካል። ውጤቱን ግሊቤንክላሚድ ከተባለው የታወቀ የስኳር መድኃኒት ጋር ያወዳድራል። ስኳሩ ይወርዳል። ቴሲሱ ይጸድቃል። ከዚያ ማንም ወደዚያ ተክል አይመለስም።

በዚያ ድፍድፍ፣ ማለትም ገና ባልተለየ ጭማቂ ውስጥ እኮ በጣም ብዙ ንጥረ ነገር አለ። ስኳሩን ያወረደው የትኛው ነው? አብሮት ጉበት ወይም ኩላሊት የሚጎዳ ነገር አለ? አንዱ ንጥረ ነገር የሌላውን ሥራ እያገዘ ነው ወይስ እያከሸፈ? ድፍድፉ ላይ የቆመ ምርምር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም። መልስ ስለሌለው ሐኪም ሊያዘው አይችልም። ፋብሪካም አያመርተውም። የእኛ ዘርፍ የተቋቋመው ይህን ግድግዳ ለማለፍ ነበር። አሁን የተወሰነው ውሳኔ ወደ ድፍድፉ የሚመልሰን ነው። በሁለት ዓመት የሚያልቀው እሱ ብቻ ነውና።

ከግድግዳው ማዶ ምን እንዳለ ከሌሎች ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1835 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በኋላ ይህ ነገር ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ ታወቀ። እንደ መድኃኒት ግን አይሆንም ነበር። በአፍ ሲወሰድ አንጀት ውስጥ ይፈርሳል። ኬሚስቶች መዋቅሩን መነካካት ጀመሩ። ከሁሉም የጠቀመው አንዲት ለውጥ ነበረች፦ የስኳሩን ክፍል ከቀሪው የሚያያይዘውን የኦክስጅን ማሰሪያ አውጥተው በካርቦን ተኩት። ዳፓግሊፍሎዚንና ወንድሞቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ለስኳር ብቻ ሳይሆን ለልብ ድካምና ለኩላሊት ሕመምም ይታዘዛሉ። በፖም ቅርፊት ጭማቂ ላይ ቆመው ቢቀሩ ይህ ሁሉ የለም።

ወደ አንጎል ስንመጣ ደግሞ ባቄላ አለ። ለፓርኪንሰን ሕመም እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1913 ከባቄላ ተለይቶ የወጣ ነው። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም በውል አልታወቀም። ለታማሚ መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ባቄላ በብዛት በማምረት አገራችን ከቻይና ቀጥለው ከሚጠቀሱት አንዷ ናት። እያንዳንዱ ባቄላ የሚያመርት አገር መድኃኒት ፈጣሪ ይሆናል ማለታችን አይደለም። ማለት የፈለግነው ጥሬ ዕቃው በእጃችን እንዳለ፣ የጎደለን ቀጣዩ ደረጃ እንደሆነ ነው።

ስለ ጊዜም እንናገር። ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል የሚለው እውነት ነው። አንክድም። ለአልዛይመር የሚታዘዘው ጋላንታሚን በቡልጋሪያ ለሕክምና መዋል የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሌላ የነርቭ ችግር ነበር። በአሜሪካ ለአልዛይመር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኤክሴናታይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት መነሻው ጊላ የምትባል እንሽላሊት መርዝ ነው። ጆን ኢንግ የተባሉ ሐኪም በኒውዮርክ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሲመራመሩ አግኝተውት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይፋ አደረጉት። መድኃኒቱ የተፈቀደው በ2005 ነው። ዛሬ ዓለም የሚያወራላቸው የስኳርና የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች፣ የእነሴማግሉታይድ ቤተሰብ የመጀመሪያው ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት እሱ ነው። የሁለት ዓመት መለኪያ ቢኖር ኖሮ አንዳቸውም ለታማሚ አይደርሱም ነበር።

የደብዳቤው ሦስተኛ ምክንያት ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። ቁም ነገሩ እዚያ ነው።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 መጥፎ ዜና ሰምተናል። ሴማግሉታይድ በአልዛይመር መነሻ ደረጃ ላይ ባሉ ከ3,800 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የሕመሙን ግስጋሴ አላዘገየም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኤክሴናታይድም በፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሰፊ ሙከራ አልሠራም። ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። በ2024 በፈረንሳይ 156 የፓርኪንሰን ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ሊክሲሴናታይድን የወሰዱት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የእንቅስቃሴ ችግራቸው ባለበት ቆመ። ባዶ መርፌ የተሰጣቸው ግን ባሰባቸው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክ በዝቶ ነበር። ጥናቱም ትንሽ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ለስኳር የተሠራ መድኃኒት እንዳለ ተወስዶ ለአንጎል ሲሰጥ ሁልጊዜ አይሠራም። አንጎል ከደም የሚመጣውን አብዛኛውን ነገር የማያስገባ የራሱ አጥር አለው። የሚፈለገው ያንን አጥር የሚያልፍ፣ ለአንጎል ተብሎ የተሠራ ውህድ ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች ላይ የምንሠራውም ለዚሁ ነው። የኩባንያዎቹ ሽንፈት ጥያቄውን አጠበበልን እንጂ በሩን አልዘጋብንም።

ደግሞም እነሱ የማይፈልጉልን ነገር አለ።

በጎንደርና በአካባቢው የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ከእነሱም መካከል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ነገር አስተውለዋል። በስኳር ሕመም የሚመጡት የገጠር ሰዎች ወፍራሞች አይደሉም። ቀጫጭን፣ ድሆች፣ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፤ ግን ልክ እንደ አንደኛው ዓይነት ስኳር አይደሉም። በ2009 በታተመ ጥናታቸው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ሕመም አምስተኛው ዓይነት ብሎ የተቀበለው በሚያዝያ 2025 ነው። እነዚህ ታማሚዎች ኢንሱሊን የሚያስቀምጡበት ፍሪጅ የላቸውም። ምግብ በጠፋበት ቀን የተወጋ ኢንሱሊን ስኳራቸውን አውርዶ ሊገድላቸው ይችላል። ለእነሱ የሚስማማ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ቢገኝ ሕይወታቸው ይለወጣል። ማን ይፈልገዋል? ገዢው ድሃ ገበሬ ስለሆነ የውጭ ኩባንያ ብዙ አይጓጓም። የመጀመሪያዎቹ ፈላጊዎች እኛ መሆን አለብን።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ2023 ከናይጄሪያ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ጋር በተደረገ ጥናት ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ አዲስ ለውጥ ተገኘ። ለውጡ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። አውሮፓውያን ላይ ለዓመታት ሲጠና ያልታየው ለዚህ ነው። ዘረመሉ የሚያዘው ኢንዛይም ደግሞ በሴል ውስጥ ስብ የሚሰባብር የሜታቦሊዝም ኢንዛይም ነው። የሜታቦሊዝምና የአንጎል ሕመሞች እንደተያያዙ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናውቅም። አፍሪካውያን ላይ ካልተጠና የማይገኝ የመድኃኒት ዒላማ እንዳለም ያሳያል።

አይቻልም ለሚል ደግሞ ኬፕታውን አለ። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ በ2010 የመድኃኒት ግኝት ማዕከል አቋቋሙ። ከአጋሮቻቸው ጋር የሠሩት የወባ ውህድ በ2014 በሰው ላይ መሞከር ጀመረ። ያ ውህድ ገበያ አልደረሰም። ማዕከሉ ግን አልተዘጋም። ኬሚስቶችን አሠለጠነ፣ ሌሎች ውህዶችን ቀጠለ።

አሁን በየቀኑ የምንጋፈጠውን እንናገር። ምርት አላስገኛችሁም ስንባል እነዚህም አብረው መታየት አለባቸው።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ ባልደረባችን ከአንድ ተክል ሥር የነጠረ ውህድ አውጥቷል። መዋቅሩን ለማወቅ ኤንኤምአር የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው አለን። ማግኔቱ ግን በፈሳሽ ሂሊየም ካልቀዘቀዘ አይሠራም። የሂሊየሙ ግዥ በወቅቱ ስላልተፈጸመ፣ የጥገና ውሉም ስላልታደሰ መሣሪያው ቆሟል። ተማሪው ናሙናውን በሚያውቃቸው ሰዎች በኩል ውጭ አገር ላከ። ወረፋው የሰው ነው፣ ውጤቱ ሲመጣ ይመጣል። ጽሑፉ ሲታተም የማን ስም እንደሚቀድምም አይታወቅም።

ሌላዋ ባልደረባችን ለመርሳት ሕመም ምርምር አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም አስመጣች። በደረቅ በረዶ ታሽጎ የሚላክ ነው። ዕቃው አገር ውስጥ ገብቶ የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ እስኪጻፍ መጋዘን ውስጥ ቆየ። ሲደርሳት በረዶው አልቋል፣ ኢንዛይሙም ሞቷል። የተከፈለበት የውጭ ምንዛሪ ነበር።

ግዥውም እንዲሁ ነው። ኤችፒኤልሲ ለሚባለው ውህድ መለያ መሣሪያ የሚሆን ንጹሕ ሜታኖል እንጠይቃለን። ጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሰጣልና ለጽዳት የሚሆነው ይመጣል። አንድ ጊዜ ያው ገብቶ ኮለኑን፣ ውህዶቹ የሚለዩበትን የመሣሪያውን ቱቦ፣ አበላሽቶብናል። ኮለኑ ከሜታኖሉ ብዙ እጥፍ ውድ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በዋጋ ብቻ ማወዳደር ቁጠባ ይመስላል፤ የሚያከስረው ግን ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ነው። በእንስሳት ቤቱ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እንደማይነሳም ከዚህ በፊት ስለጻፍን አሁን አንደግመውም።

ከሁሉም የሚያሳስበን ግን የባህል ሐኪሞቹ ጉዳይ ነው። አንድ አዛውንት አባት ለመርሳት የሚሰጡትን ተክል ሊያሳዩን ፈቅደው ነበር። አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ነገ ይህ ነገር መድኃኒት ቢሆን ለልጆቼና ለመንደሬ ምን ይደርሳል? ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰቡ ዕውቀት ጥቅም እንዲያስገኝለት ያዛል። እኛ ግን የምናስፈርመው የጸደቀ የስምምነት ቅጽ የለንም። ረቂቁ ከጽሕፈት ቤትዎ አልወጣም። አዛውንቱ ሥራውን አቋረጡ፤ ልንፈርድባቸው አንችልም።

የእንዶድ ታሪክ ገና አልተረሳም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በአገሬው ተክል መከላከል እንደሚቻል ያሳዩት ከዚያ ተነስተው ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ይሁንና በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ሌላ ባለ ዛጎል እንስሳ ለመከላከል የሚያስችል የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። ናሙናችንን ያለ ውል ውጭ ስንልክ ልባችን የሚሠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

የተከበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሐምሌ 1 የሚጀምረው ውሳኔ ይታገድና ዘርፉ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይቀጥል። በየዓመቱ ግምገማ ይደረግብን፤ እንቀበላለን። መለኪያው ግን የገበያ ምርት ሳይሆን ሥራው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ይሁኑ። ስንት ውህድ ነጠረ፣ የስንቱ መዋቅር ታወቀ፣ ስንቱ በሴልና በእንስሳት ላይ ተፈተነ፣ ስንቱ ለአንጎል አጥር ተመዘነ ተብሎ ይጠየቅ። ያልሠራ ውህድ በሪፖርቱ ያልሠራ ተብሎ ይመዝገብ። ለሚቀጥለው ተማሪ እሱም ዕውቀት ነው።

የኤንኤምአሩ ሂሊየምና የጥገና ውል ከፕሮጀክት ገንዘብ ወጥቶ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ውስጥ ይግባ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በክፍያ እንዲጠቀሙበት ይፈቀድ፤ ወጪውን ሊያግዝ ይችላል።

ለሪኤጀንት (ለላብራቶሪ ኬሚካሎች) እና ቅዝቃዜ ለሚፈልጉ ዕቃዎች የተለየ የግዥ መስመር ይከፈት። የጥራት መስፈርቱን የሚያወጣውም ተመራማሪው ይሁን። ዕቃው ከመድረሱ በፊት የድጋፍ ደብዳቤው ተጽፎ እንዲጠብቅ አንድ ኃላፊ በስም ይመደብ።

የባህል ሐኪሞች የስምምነት ቅጽና ናሙና ወደ ውጭ የሚላክበት ውል ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ይጽደቅ። ይህ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

እስካሁን በቴሲስ የተሠሩት ጭማቂዎችና የነጠሩ ውህዶች በአንድ ዲፕ ፍሪዘር፣ በአንድ መዝገብ ይሰብሰቡ። ዛሬ በየተማሪው መሳቢያ እየተበላሹ ነው። አምስተኛው ዓይነት ስኳርም ከዘርፉ ቅድሚያ ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ በጽሑፍ ይቀመጥ። በዚህ ላይ ከሐኪሞች ጋር አብረን ለመሥራት ዝግጁ ነን።

በመጨረሻ፣ ከውሳኔው በፊት መደረግ የነበረበት ውይይት አሁን እንዲደረግ ቀጠሮ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የላብራቶሪ መዝገቦቻችንን ይዘን እንቀርባለን። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመድኃኒት ኬሚስትሪ፣ የፋርማኮግኖሲና የፋርማኮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ መምህራንና የላብራቶሪ ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለፋርማሲ ትምህርት ቤት ዲን ጽሕፈት ቤት
ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት
ለግዥና ፋይናንስ ዳይሬክቶሬት